አማልክት በኪራይ ቤት

ለንደን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ሐበሻ በታኅሣሥ ብርድ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ዕጣን ሸተተው እንበል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የታወቀ ነው፦ «እዚህ ሕንፃ ላይ ሌላ የእኛ ሰው አለ፤ ቡናም ተፈልቷል።» ሽታውን ተከትሎ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ግን ጀበናም ረከቦትም የለም። አንዲት እንግሊዛዊት ወንበር ላይ ቆማ ጣሪያው ላይ የሚጮኸውን የጭስ ማንቂያ በመጽሔት ታራግባለች። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ሻማ፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ቀይ ፍሬ ያንጠለጠለ ቅጠል፣ አንድ ሳህን ጨው፣ አንድ ጥቁር እጀታ ያለው ጩቤ፣ እንዲሁም አንዲት የተኛች ድመት አሉ። ሴትየዋ ፔጋን ናት። ቀኑ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ሲሆን፣ እየተከበረ ያለው የዩል በዓል ነው። ከድመቷ በቀር ሁሉም የተቀመጠው በምክንያት ነው።

«ፔጋን»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሁሉ «አረማዊ» ላይ ይወድቃል፤ አረማዊ ደግሞ ሰው ራሱን የሚጠራበት ሳይሆን ሌላውን የሚዘልፍበት ቃል ነው። «ጠንቋይ» ቢባልም አያዋጣም፤ እዚህ ቤት ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል የለም። ስለዚህ ፔጋን ብሎ መቀጠል ይሻላል። የላቲኑ ፓጋኑስ በመነሻው ባላገር ማለት ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባላገር ግን እርሻ ቀርቶ የጎመን መደብ የሚሆን ጓሮ የላትም። በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 74,000 ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸውን ፔጋን ብለው ሞልተዋል፤ ከአሥር ዓመት በፊት 57,000 ያህል ነበሩ። ሌሎች 13,000 ያህሉ ደግሞ ከእምነቱ ቅርንጫፎች በጣም የሚታወቀውን ዊካን ጽፈዋል። ለእነዚህ ሁሉ ደብር የለም፣ ደወል የለም፣ ቅዳሴ ቀርቶብኛል ብሎ የሚጨነቅ ጎረቤትም የለም። ቤተ መቅደሳችን ጫካ ነው ይላሉ። ጫካው ግን ሩቅ ነው፣ ይዘንባል፣ በማግሥቱም ሥራ አለ። እንግዲህ ጫካው ራሱ ወደ ቤት ይምጣ ከተባለ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የት ይቀመጥ?

በዓሎቹ በዓመት ስምንት ናቸው። በወር በወር ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን ሲቆጥር ላደገ ሰው ስምንት በዓል የዕረፍት ያህል ነው። ልዩነቱ የእኛ ቤት ለበዓል ቄጠማ ተጎዝጉዞለት በማግሥቱ ተጠርጎ ወደ ቀድሞው መመለሱ ነው። የፔጋን መደርደሪያ ግን በስድስት ሳምንት ተኩል ገደማ አንዴ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። አራቱን በዓላት ፀሐይ ትወስናቸዋለች፦ ረጅሙ ሌሊት፣ ረጅሙ ቀን፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ሁለቱ ዕለታት። የቀሩት አራቱ በመካከል የሚገቡ የአየርላንድና የስኮትላንድ አሮጌ በዓላት ናቸው፦ በጥቅምት ማብቂያ ሳውዊን፣ በየካቲት መባቻ ኢምቦልክ፣ በግንቦት መባቻ ቤልታን፣ በነሐሴ መባቻ ሉናሳ። ወሮቹ የፈረንጅ መሆናቸው ይያዝልን።

ስምንቱ በአንድ ላይ ከጥንት የወረዱ ይመስላሉ፤ አልወረዱም። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሮናልድ ኸተን መዛግብቱን አገላብጦ እንዳሳየው፣ አንድ ጥንታዊ ሕዝብ ስምንቱን አንድ ላይ ያከብር እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ስምንቱን አንድ ክብ ውስጥ ያስገቡት የ1950ዎቹ እንግሊዛውያን ናቸው። ዋናው ሰው ጄራልድ ጋርድነር ይባላል። በማላያ የቅኝ ግዛቱ የጉምሩክ ሹም ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። የ1735ቱ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ሲሻር፣ በ1954 ሰውዬው መጽሐፍ አወጣና ጥንታዊ እምነት ተደብቆ ሲኖር አገኘሁ አለ። የሱ ቡድን የሚሰበሰበው ከለንደን በስተሰሜን ብሪኬት ዉድ በሚባል ቦታ፣ ልብስ አልባ ሆነው የሚዝናኑ ሰዎች ክበብ ግቢ ውስጥ ባለች ጎጆ ነበር። መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ በዓላት አራት ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አባላቱ ቶሎ ቶሎ መደገስ ስለፈለጉ ስምንት ሆኑ። በዓል እንዲህ ሲወለድ ማየት ደስ ይላል። ሌላው ቦታ ብዙውን ጊዜ በመልአክ ወይም በንጉሥ አዋጅ ይመጣል፤ እዚህ ግን ድግስ አነሰን ተባለና መጣ።

የአንዳንዶቹ ስም ደግሞ በዕድሜ ከዚያም ያንሳል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚውለው የመስከረሙ በዓል ማቦን ይባላል። ስሙን ያወጣለት አይዳን ኬሊ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው በ1974 ነው፤ በዌልስ ተረት ውስጥ በተወለደ በሦስተኛ ሌሊቱ ከእናቱ ጎን ከተሰረቀ ልጅ ስም ወስዶ። 1974 በእኛ 1966 መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ ስሌቱን ጨርሶታል፦ ማቦንና ደርግ እኩያ ናቸው።

ጋርድነር የጀመረውን ነገር ሰው እንዲሰማው አድርጋ ያስተካከለችው ዶሪን ቫሊየንቴ ናት። በ1953 ቡድኑ ውስጥ ገባች፤ እስከዛሬ ከሚደገመው ጸሎትና ግጥም ብዙውን የጻፈችው እሷ ናት። የዚህች ሴት ቤት ታዲያ በሐረግ የተሸፈነ የጫካ ጎጆ መስሎ ሊታየን ይችላል። አልነበረም። በኋለኛው ዕድሜዋ የኖረችው ብራይተን ከተማ፣ ታይሰን ፕሌስ በሚባል የቀበሌ ቤት ልንለው በምንችለው ረጅም ፎቅ ውስጥ ነው። በ2013 ታዋቂ ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች ላይ የሚለጠፈው ሰማያዊ ሰሌዳ ለሕንፃው ተለጠፈለት። የዚህ ሁሉ ጨረቃና ጫካ እናት በአሳንሰር የምትመላለስ ሴት ነበረች።

ፎቅ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚሆነው? አሜሪካዊው ስኮት ከኒንግሃም በ1988 ቡድን ለሌለው፣ ለብቻው ለሚያመልክ ሰው መጽሐፍ ከጻፈ ወዲህ ነገሩ ወደ ሳሎንና ወደ መኝታ ቤት በሰፊው ገብቷል። ጠፍጣፋ ነገር ካለ መሠዊያ አለ፦ ኮሞዲኖ፣ የመስኮት ደፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ከወላጅ ወይም ከአከራይ የሚደበቁት ደግሞ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ የልደት ሻማ፣ ጠጠርና ቁንጥር ጨው አድርገው ክዳኑን ይዘጋሉ። እግዜር ይመስገን፣ እምነቱ ካሬ ሜትር አይጠይቅም።

አቅጣጫ ግን ይጠይቃል። በተለመደው አሠራር ሰሜን የምድር ነው፤ ጨው ወይም ድንጋይ ይቀመጥበታል። ምሥራቅ የአየር ነው፤ ዕጣን። ደቡብ የእሳት ነው፤ ሻማ። ምዕራብ የውሃ ነው፤ ጎድጓዳ ሳህን። ስለዚህ አዲስ ቤት የገባ ፔጋን ስልኩን አውጥቶ ኮምፓሱን ይከፍትና ሳሎኑ መሐል እንደ ቀያሽ ይሽከረከራል። ከዚያ የሚገኘው ውጤት ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ አይደለም። ሰሜን ማቀዝቀዣው ነው። ምሥራቅ የመታጠቢያ ቤት በር ነው። ምድርን ለመጥራት ዞሮ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ የኤሌክትሪክ ሒሳብ በማግኔት ተለጥፎ ያገኛል።

ሁለተኛው ጣጣ ክቡ ነው። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በጩቤ ጫፍ አየር ላይ በሚሠመር ክብ ውስጥ ሲሆን፣ ጋርድነር ያወረሰው መጠን ዘጠኝ ጫማ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት ያህል። ይህን የሚያህል ባዶ ወለል ያለው የኪራይ ቤት ብርቅ ነው። ሶፋው ይገፋል፣ ቴሌቪዥኑ ይዞራል፣ ቀጭኑ ሰው አልጋው ላይ ይቆማል። በጋርድነር ሥርዓት ልብስም አውልቁ ይላል፤ ሰውዬው ዕድሜውን በማላያ ሙቀት ያሳለፈ መሆኑ እዚህ ላይ ያስታውቃል። ዛሬ ብዙዎቹ ካባ ይለብሳሉ። የማሞቂያ ክፍያ የሚያውቅ ሰው ካባው ሥር ሹራብ ይደርባል።

ጩቤው ራሱ ከየት መጣ ለሚል፣ ጋርድነር በ1936 ስለ ማላይ ጩቤዎች መጽሐፍ የጻፈ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ሰው ሃይማኖት ሲያቋቁም የሚወደውን ዕቃ መሐል ማስቀመጡ የማይቀር ነው። በብሪታንያ ሕግ ስለታም ነገር ይዞ አደባባይ መውጣት ያስከስሳል፤ ለሃይማኖት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ማታ በባቡር ጣቢያ ፖሊስ ፊት ስለ ምሥራቅና ምዕራብ ማስረዳት ማን ይፈልጋል? ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ የሚውል ጩቤ አይጠየቅም። ይኸውም አምልኮን ከጫካ ወደ ቤት ያስገባ ሌላ ትንሽ ምክንያት ነው።

አማልክትን ጓዳ ማስገባት ግን የዛሬ ሰዎች ስንፍና እንዳይመስል። ሮማውያን የቤታቸውን ጠባቂዎች ላሬስ ይሏቸው ነበር። በ79 ዓ.ም. ከቬሱቪየስ ተራራ የተነሣው አመድ ቀብሮ ያቆያት ፖምፔይ ስትቆፈር፣ የነዚህ ጠባቂዎች ትንንሽ መቅደሶች በየቤቱ ተገኝተዋል። በቬቲዎች ቤት ያለው በግድግዳ ላይ የተሣለና ከሥሩ ትልቅ እባብ የሚሳብበት ነው። ብዙዎቹ ግን የተገኙት ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ነው። በፖምፔይ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽንት ቤቱም እዚያው ነበረ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴት መሠዊያዋ ከመታጠቢያ ቤት በር አጠገብ ሆነ ብላ የምታፍር ከሆነ፣ የሮማ አማልክት ከዚህ የባሰ ጎረቤት ነበራቸው። በ392 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ይህን አምልኮ ሲከለክል ሕጉ ቤተ መቅደስ ከመዝጋት አልፎ እልፍኝ ድረስ ገባ፦ ለቤት አማልክት መብራት ማብራት፣ ዕጣን ማጤስ፣ የአበባ ጉንጉን መስቀል ተከለከለ። ዛሬ ከነዚህ ውስጥ መብራቱንና ዕጣኑን የሚከለክለው የኪራይ ውል ነው።

ከስምንቱ በዓላት መደርደሪያው የሚጨናነቀው በዩል ነው። ምክንያቱን አዲስ አበባ ሆኖ መረዳት ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ማንም ሳይሰማው ያልፋል። ለንደን ላይ ግን በታኅሣሥ 21 አካባቢ ፀሐይ የምትታየው ከስምንት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው፤ በሰኔ ግን ከአሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ቢሮ የሚውል ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ብርሃን ተመለሰ ብሎ መደገስ እዚያ አገር የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ድሮ በዩል ትልቅ ግንድ ምድጃ ውስጥ ይነድ ነበር፤ ጉማጁ ተቀምጦ የሚቀጥለው ዓመት ግንድ መለኮሻ ይሆናል። ምድጃ የሌለው ቤት ምን ያድርግ? አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ላይ ሦስት ቀዳዳ በስቶ ሻማ ይተክልበታል። ሌላው መፍትሔ የመጣው ከፔጋን ሳይሆን ከቴሌቪዥን ነው። በ1966 በገና ዋዜማ የኒው ዮርኩ ጣቢያ ደብሊው ፒ አይ ኤክስ፣ ምድጃ ለሌላቸው የከተማዋ ነዋሪዎች በከንቲባው መኖሪያ የሚነድ እሳት ቀርጾ ደጋግሞ አሳየ። እሳቱ በደንብ እንዲታይ መከለያውን ሲያነሡት ፍንጣሪ ወጥቶ የከንቲባውን ምንጣፍ አቃጠለው። ከዓመታት በኋላ ጣቢያው እንደገና ልቅረጽ ቢል ከንቲባው ቤት አልተፈቀደለትም። ዛሬ ስልኩ ላይ የሚነድ ምድጃ ከፍቶ መሠዊያው ላይ የሚያቆም አለ፤ ለምንጣፍም ለአከራይም ሰላም ነው።

የዩል ቅጠሎች ደግሞ የራሳቸው ወግ አላቸው። ተቀጽላን ያየ ያውቀዋል፤ ሥሩን ምድር ላይ ሳይሰድ በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ የሚኖር ተክል ነው። ፖምፔይን በቀበረው ፍንዳታ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የጎል አገር ካህናት ነጭ ለብሰው ከኦክ ዛፍ ላይ በወርቅ ማጭድ ይቆርጡትና ሁለት ነጫጭ ወይፈኖች ይሠዉለት ነበር። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ቴንበሪ ዌልስ በሚባል ትንሽ ከተማ ከገና በፊት የተቀጽላ ጨረታ አለ፤ እዚያ በእስር በእስሩ ይቸበቸባል። ሦስተኛ ፎቅ የሚደርሰው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋጋው ተለጥፎበት ነው። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ከድመቷ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ከድመት ከፍ ያለ ቦታ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ኢምቦልክ ቀለል ይላል። ቄጠማ በሚመስል የረግረግ ሣር የብሪጅድ መስቀል ይጎነጎናል፣ ነጭ ሻማ ይበራል፣ አለቀ። ብሪጅድ በአንድ በኩል የጥንት አምላክ፣ በሌላ በኩል የአየርላንድ ቅድስት ናት፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ አየርላንድ ውስጥ በስሟ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። በመጋቢቱ ኦስታራ ዕንቁላል ይቀለማል። የበዓሉ ስም የመጣው ኤኦስትሬ ከምትባል አምላክ ሲሆን፣ ስለ እሷ ያለን ጥንታዊ ማስረጃ መነኩሴው ቢድ በ725 ስለ ወራት ስም ሲያብራራ ጣል ያደረጋት ነገር ብቻ ናት። በመነኩሴ ምስክርነት የምትኖር አምላክ!

ቤልታን ላይ ያለው ችግር እሳት ነው። ጥንት ከብቶች በሁለት ደመራ መካከል ይነዱ ነበር፤ በኤዲንብራ ካልተን ኮረብታ ላይ ከ1988 ጀምሮ በዓሉ በችቦና በከበሮ ይከበራል። ቤት ውስጥ የሚቀረው ሁለት ሻማና በመካከላቸው የምታልፍ ድመት ነው፤ ጭራዋ ላይ ዓይን ካልተጣለ ደመራው እውነተኛ ይሆናል። የወቅቱ አበባ ደግሞ ሆውቶርን ነው፤ ነጭ፣ እሾሃማና በጣም የሚያምር። በእንግሊዝ ባላገር ዘንድ ግን ይህን አበባ ቤት ማስገባት ሞት መጥራት ነው። ነገሩ ከንቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አበባው ውስጥ ያለው ትራይሜቲላሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥጋ መበስበስ ሲጀምርም የሚወጣ ነው። መሠዊያዋን በሆውቶርን ያስጌጠች ሴት በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍታ የተበላሸ ዶሮ ብትፈልግ አይፈረድባትም። ጥንታውያኑ አበባውን ውጭ የተዉት ለምን እንደሆነ አፍንጫዋ ይነግራታል።

በረጅሙ ቀን ፀሐይ ለንደን ላይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት አሥር ሰዓት ከ43 አካባቢ ነው፤ ጎህ ሲቀድ እጠብቃለሁ ያለ ሁሉ መስኮቱ ወደ ምዕራብ መሆኑን ያን ጊዜ ያስታውሳል። በነሐሴው ሉናሳ ዳቦ ይጋገራል። ለዳቦው በዓል ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ስም ላማስ ነው፤ በአሮጌው እንግሊዝኛ «የዳቦ ቅዳሴ» ማለት ሲሆን የክርስቲያኖች ቃል ነው። ዕንቁላሉን እነሱ ወሰዱብን እየተባለ፣ ዳቦው ደግሞ ወዲህ መጥቷል።

ጥርት ያለ ዝምታ የሚመጣው በሳውዊን ነው። የሟቾች ፎቶግራፍ መሠዊያው ላይ ይደረደራል፤ አንዳንዱ ቤት ለሟች ወንበርና ሳህን ተዘጋጅቶ ቃል ሳይተነፈስ ይበላል። ተዝካር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መሳቁን ይተዋል። እራቱ ካለቀ በኋላ የሟች ድርሻ ደጅ ይወጣል፤ ለንደን ውስጥ የሚጠብቀው ቀበሮ ነው፣ ሰዓትም አያሳልፍም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው። አውስትራሊያ ያሉት ፔጋኖች መንኮራኩሩን ገልብጠውታል፤ ዩል በሰኔ፣ ቤልታን በጥቅምት ማብቂያ። ጥቅምት 31 ቀን ሱቁ ሁሉ ዱባና አጽም ሲያንጠለጥል እነሱ የአበባ ጉንጉን ይገዛሉ። ወቅቱን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በመስኮት ተመልክቶ ማክበር ከሆነ እነሱ ሳይሻሉ አይቀሩም።

ወደ ደረጃው ሽታ እንመለስ። የሴትየዋ ዕጣን «የአፍሪካ ሙጫ» ተብሎ በትንሽ ከረጢት የተገዛ ነው። ዓለም ላይ ከሚሸጠው ዕጣን ትልቁ ድርሻ የሚቆረጠው ከአንድ የዛፍ ዓይነት ሲሆን፣ ያ ዛፍ በትግራይ፣ በሁመራና በመተማ ቆላ ይበቅላል። በ2019 የወጣ ጥናት ዛፉ እየተመናመነ መሆኑን፣ ችግኙ በእሳትና በከብት ምክንያት እንደማያድግ፣ የዕጣኑም መጠን በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ሐበሻው ይህን ጥናት አላነበበም። ሙጫውን ግን ያውቀዋል፤ እናቱ በጋዜጣ ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ የከተተችለት አራተኛ ፎቅ ላይ አለ።

ሴትየዋ ፍሙ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨምራለች። እሱ መስኮቱን ይከፍታል፣ ፍሙን በማንኪያ ጠርጎ ጨው ሳህኑ ላይ ያራግፋል፣ ሰሜንን እንዳቃጠለ አያውቅም። ከዚያ በሁለት ጣቱ አንዲት ፍሬ አንሥቶ ያሳያታል፤ አንድ፣ ማሽላ የምታህል። ማንቂያው ጸጥ ይላል። ድመቷ አልተነሣችም።